በረዶ ያልሸፈነው አፈር

በዳንዩብ ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን ጎረቤቴ ዝላትካ አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ኔቬና። ስሟ ኔቨን ከምንለው ብርቱካንማ አበባ የወጣ ነው። ልጅቷ በሳንባ ሕመም ከመሞቷ በፊት ያንኑ አበባ ከመስኮታቸው ሥር ዘርታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘሩ በራሱ እየረገፈ፣ ማንም ሳይዘራው በየዓመቱ ይበቅል ጀመር። ዝላትካ አረሙን እንኳ በጣቷ ጫፍ እየለየች ነበር የምትነቅለው።

አንድ ዓመት ኅዳር ሞቅ ብሎ ዘነበና ቡቃያው ያለጊዜው ብቅ አለ። ጥር ላይ ደግሞ ደረቅ ውርጭ ወረደ። በረዶ ጥሎ ቢሸፍነው ኖሮ ይተርፍ ነበር፤ ራቁቱን የቀረው አፈር ግን እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ዝላትካ የልጇን የሱፍ ብርድ ልብስ አውጥታ ቡቃያው ላይ ዘረጋችው።

ባሏ ስታመን በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጎበዝ! ለሚያመኝ ጉልበቴ መጠቅለያ ጨርቅ ጠፍቶ ለሣር ብርድ ልብስ ተገኘ» አላት።

«ሣር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ልጅሽ ናት?»

የብርድ ልብሱን ጠርዝ ንፋስ እንዳይገልጠው በድንጋይ ጫነችው።

ጠዋት ማታ ብርድ ልብሱን ገለጥ እያደረገች ታያለች። አንድ ቀን ውርጩ ያጋገረው መሬት አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። እኔና ስታመን ተሸክመን አስገባናት፤ በዚያው አልጋ ላይ ቀረች። ስለ ቡቃያው የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አሉ?»

ስታመን ወጣ ብሎ ይመለስና «ተኝተዋል» ይላታል። ገልጦ ግን አያይም ነበር።

ብርዱ ሲለዝብ ብርድ ልብሱን አብረን አነሣነው። ከሥሩ ያለው ሁሉ ጠቁሮ በስብሷል።

«አሁን ምን ልበላት?» አለኝ።

«እውነቱን ንገራት እንጂ ስታመን።»

ገብቶ ነገራት። ኔቬና የሞተች ዕለት እንኳ እንዲያ ስትጮህ አልሰማኋትም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ስታመን በአጥሩ በኩል ተጣራ። «ነይማ እስኪ፣ ይኼ አረም ነው ወይስ እሱ ነው?»

ከደረጃው ሥር፣ ማንም ምንም ባላለበሰው መሬት ላይ፣ ጥቂት ቡቃያ ወጥቷል። ከብርዱ በፊት ሳይበቅል አፈር ውስጥ የከረመ ዘር ነው።

«እሱ ነው» አልኩት።

ዝላትካን በወንበር ተሸክመን አወጣናት። ቡቃያውን ብዙ አየች።

«ይኼው ብቻ?»

«ይኼው ብቻ» አላት።

ዳግም በእግሯ አልሄደችም። ነሐሴ ላይ ቀበርናት። ስታመን ከቀብር ሲመለስ ከደረጃው ሥር ያሉትን አበቦች እንዳይረግጥ ቤቱን ዞሮ በጓሮ በር ገባ።