ወንድሜ ሙሉ ልብስ የለበሰበት ፎቶ

ሰውን በቀትር ፀሐይ ፊት አቁማችሁ አታንሱ። ዓይኑ ይጨፈናል፣ ከቅንድቡ ሥር ጥቁር ጥላ ይተኛል፤ ሙሽራ እንኳ ብትሆን ፖሊስ ጣቢያ የተነሳች ነው የምትመስለው። በር ላይ አምጡት፣ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ብርሃኑ ከውጭ ይምጣለት። ይህን ለሶዶ ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር ኖርኩ። አሁን ሁሉም ስልኩን አውጥቶ በቀትር ያነሳል፤ ያበላሸውን ስልኩ ራሱ ያነጣለታል። እኔም ጡረታ ወጣሁ። በእኛ ሙያ ጡረታ ማለት ፎቶ ቤትን ለወጣት ለቅቆ፣ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ የወጣቱን ሥራ ማማት ነው።

ከብት ስታነሱ ተንበርከኩ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ በሬ ፍየል ያክላል። አንድ ጊዜ በዴሳ ገበያ አንድ ነጋዴ በሬውን ለገዢ በስልክ ሊልክ ፈልጎ አንሳልኝ አለኝ። ተንበረከክሁ፣ አሪፍ አድርጌ አነሳሁት፤ ከዚያ እኔ ራሴ መነሳት አቃተኝ። ነጋዴውም በሬውም ቆመው ጠበቁኝ። ትዕግሥት የነበረው በሬው ነው።

ጥሬ ሥጋና ማባያው፣ ዳታ የምንለው በርበሬ፣ ደግሞ በአምፑል ብርሃን አይነሳም። ሥጋው የሰነበተ፣ በርበሬው የተበላሸ ይመስላል። መስኮት ዳር አምጡትና ከጎን አንሱት። ይህን የተማርኩት አንድ ሆቴል የሰቀለውን ፎቶዬን በሳምንቱ ካወረደ በኋላ ነው።

ጥቁር ፊት ከነጭ ጋቢ ጋር ሲሆን ግን ሌላ ጣጣ ነው። ካሜራው ጋቢውን ያይና ይደነግጣል፤ ደንግጦ ፊቱን ያጨልመዋል። ብርሃኑን ከፊቱ ላይ ለኩ፤ ጋቢው ከፈለገ ይንጣ፣ ይጥፋ። ሰው ጋቢ ለማየት ፎቶ አያነሳም። ይህን ያስተማረኝ የታላቅ ወንድሜ ፊት ነው። በዴሳ አጠገብ አራሽ ነበር። አንድ ጠዋት በቤቱ ደጃፍ፣ እንሰቱን ከኋላው አድርጌ፣ በጋቢው እንዳለ አነሳሁት። ምን ብዬው እንደሆነ እንጃ፣ ሳቀ። የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበርና በክፍተቱ ምላሱ ትታያለች። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ ያለ ሐፍረት የማሳየው ያንን አንዱን ነው።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ ሞተ።

በእኛ አገር ልቅሶ ላይ የሟቹ ፎቶ አድጎ በፍሬም ይወጣል። ለቀስተኛው የልቅሶውን ሜዳ ሲዞር፣ አንድ የቅርብ ዘመድ ፎቶውን ደረቱ ላይ ይዞ ከፊት ይሄዳል። ለቀብሩ ያልደረሰ፣ ከቦምቤም ይሁን ከሌላ ቦታ የመጣ፣ የሚሰናበተው ያንን ፎቶ ነው። ስለዚህ ለሠልስቱ ያችን የሳቀባትን ፎቶ አሳድጌ፣ ፍሬም አስገብቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ፣ መጀመሪያ በሚኒባስ ቀጥሎ በሞተር ተሳፍሬ ሄድኩ። ወንድሜን አገር ሁሉ እንደነበረ ያየዋል ብዬ።

ስደርስ ግድግዳው ላይ ሌላ ፎቶ ተደግፎ ቆሟል። ሰማያዊ ሰማይ፣ የሚፈስ ፏፏቴ፣ መሐል ላይ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ የለበሰ፣ ፊቱ እንደ ዱቄት የነጣ ሰው። አጠገቡ የወንድሜ ትልቁ ልጅ ቆሟል፤ ሶዶ ቢሮ ነው የሚሠራው።

«ይሄ ማነው?» አልኩት።

«አጎቴ ደግሞ! አባዬ ነዋ።»

«አባትህ መቼ ነው የነጣው? ከሞተ በኋላ?»

«ትንሽ አጽድተውት ነው። ከመታወቂያው ላይ ወስደው፣ ልብሱን ፎቶ ቤት ገጠሙለት። የድሮው የእርስዎ ቤት ነው የሠራው።»

ጠጋ ብዬ አየሁ። የከረባቱ ቋጠሮ ወደ ግራ ዞሯል። ያን ቋጠሮ አውቀዋለሁ። ፎቶ ቤቱን የከፈትኩ ሰሞን ለናሙና የሚሰቀል ፎቶ አጥቼ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ራሴን ነው ያነሳሁት፤ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሜ፣ ቁልፉን ተጭኜ፣ ሮጬ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከረባቱ የዞረው በሩጫው ነው። ቤቱን ስለቅ ፎቶውን ግድግዳው ላይ ተውኩት። ወጣቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቶ፣ ጭንቅላቴን ቆርጦ ጥሎ፣ ሙሉ ልብስ ለሌለው ሁሉ ደረቴን ያድል ኖሯል። ከዱቦ እስከ በዴሳ በስንት ሳሎን እንደተሰቀልኩ እግዜር ይወቅ።

«ይሄ ደረት የኔ ነው» አልኩ።

ልጁ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። «አጎቴ፣ እርስዎ እንዲህ ያለ ሰፊ ደረት መቼ ነበርዎት?»

«ትንፋሼን ውጬ ነዋ የተነሳሁት!»

በልቅሶ ቤት ሊስቅ ሲል አፉን በጋቢው ያዘ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ነጠላውን ፈትቼ የእኔን ፎቶ አወጣሁ። «የሚወጣው ይሄ ነው። አባትህ ይሄ ነው።»

«የቢሮ ሰዎች ይመጣሉ እኮ፣ አጎቴ። ጥርሱን ይዩት እንዴ? ምን ይሉኛል?»

«አባት ነበረው ይሉሃል። በዚህ በነጣው ግን አባትህ ማን እንደ ነበረ ይገባቸዋል?»

ድምፃችን ከፍ ሲል የወንድሜ ሚስት ከሴቶቹ መሐል ተነስታ መጣች። ከእኔ ትበልጣለች፤ ሰፈሩ ሁሉ ይፈራታል። ፎቶዬን ተቀብላ ቁጭ አለችና ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ በጥርሱ ክፍተት ላይ ጣቷን አሳረፈች። አሸነፍኩ ብዬ ልጁን በዓይኔ ገረመምኩት።

«እሱ ይሄ ነው» አለች በወላይትኛ። ፎቶውን በነጠላው መልሳ ጠቀለለችው። «ይሄ እኔ ጋ ይቀመጥ። ለሰው ያኛው ይውጣ።»

«አንቺም? ያ እኮ እሱ አይደለም! ከአንገቱ በታች እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ሶዶ ደርሶ በመጣ ቁጥር ስለዚያ ልብስህ ነበር የሚያወራልኝ። ወንድሜ ሲለብሰው ዳኛ ይመስላል ይለኝ ነበር። ለራሱ አንድ ሳይለብስ ሞተ።» ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። «ዛሬ ለብሷል። አታውልቅበት።»

የእኔን ፎቶ ከነነጠላው ለእሷ ተውኩላት። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ዛሬም አልበረደም። ያ የነጣ ፊት ወንድሜ አልነበረም።

ያን ባለ ከረባት ፎቶ ያዝ አሉኝ። የቅርብ ዘመድ እኔ ነበርኩ። ደረቴን ደረቴ ላይ ይዤ ሜዳ ወጣሁ።

ሲዘንብ አድሮ ፀሐይዋ ድንገት ወጣች። አልቃሿ ስሙን እየጠራች፣ ለቀስተኛው ይከተለኛል። ከወዲያ በኩል የቆሙት አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ አንዲት ሴት «አይታይም፣ አይታይም» እያለች ታለቅሳለች። ገባኝ። መስታወት የተገጠመለት ፎቶ ፀሐይ ስታርፍበት ፊቱ ይጠፋል፤ ሰማዩ ብቻ ነው የሚታየው። እንዲህ ሲሆን የላይኛውን ጠርዝ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሉት።

አዘነበልኩት። ሴትዮዋ አየችውና ጮኸች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ ከኋላው ስለነበርኩ የማየው የፍሬሙን የጀርባ ካርቶን ብቻ ነበር።