ግማሹ ዳዊት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብራችን ዕቃ ቤት ደጃፍ የነበርነው ሰዎች ጥቂት ነን። ቄሰ ገበዝ ዘመነ ቁልፉን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ወጣቱ መሪጌታ ከጠረጴዛው በስተቀኝ ሆኖ አንድ መጽሐፍ በነጭ ጨርቅ ታቅፏል። ቅርስ ለመመዝገብ ከወረዳ የመጣችው ልጅ ስልኳን ደግና ጎንበስ ብላለች፤ ባልደረባዋ መዝገቡን ይዞ ከኋላዋ ነው። እኔ ወደ ቤቴ መንገድ ጀምሬ ነበር፤ መጽሐፉን ሳይ ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆምሁ። የጠራኝ የለም።

ልጅቱ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጥላት አድርጋ፣ ፎቶ እያነሳች፣ ቅጠሉን እየገለጠች መጨረሻው ላይ ደረሰች።

«አባቶቼ፣ ይኼ ዳዊት ለምን ግማሽ ላይ ቆመ?» አለች።

ያን ጥያቄ ከእኔ በላይ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም።

መጽሐፉን የጻፉት ቅድመ አያቴ መምሬ ደስታ ናቸው። ደብሩ ፍየል አሳርዶ፣ ብራና አስፍቆ ሰጣቸው፤ እሳቸው ከመቶ ኀምሳው መዝሙር ሰባ ሰባቱን ጽፈው ብዕራቸውን አኖሩ። ፊደላቸው መጀመሪያ ላይ እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው፤ ወደኋላው እያደገ ሄዶ መጨረሻው ላይ ባቄላ ያህላል። የአገሩ ሰው ይህን አይቶ ፈረደ። ሰነፉ፤ ፊደሉን እያሳደጉ ቆዳውን በከንቱ ጨረሱት፤ አለ። መጽሐፉ ሙሉ ስላልሆነ የቄስ ተማሪዎች መለማመጃ ሆነ። እኛም «የግማሽ ዳዊት ዘር» ሆንን።

ስም ቀላል ነገር ይመስላል። ዝናብ መጥቶበት አባቴ እርሻውን ሳይጨርስ በሬዎቹን ቢፈታ «ምን ያድርግ፣ ዘሩ ነው» ይባላል። ታላቅ እህቴ ታጭታ፣ ጥሎሹ ከተቆረጠ በኋላ፣ የልጁ አያት «የጀመሩትን ከማይጨርሱ ሰዎች አንጋባም» ብለው አፈረሱት። እህቴ ያን ዓመት ሙሉ ገበያ አልወጣችም።

እኔ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ስገባም ሰው ይጠብቅ የነበረው የት ክፍል ላይ እንደማቆም ነው። የዛሬው ቄሰ ገበዝ ዘመነ ያኔ የገበዙ ልጅ ነበር፤ ከአንድ ክፍል ነበርን። ቅዳሜና እሑድን አገር ቤት ውለን ወደ ከተማ ስንመለስ የስንቄን አቁማዳ እያየ «ግማሽ ዳዊት፣ በሶሽን እንኳ ትጨርሺዋለሽ?» ይለኛል።

«ያንተን ጨምሬ» እለው ነበር።

የታሪክ መምህራችን አንዱ እጀታው በክር የታሰረ መነጽር ያደርጉ ነበር። የካቲት ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ መነጽራቸውን ሊጠርጉት አውልቀው ጠረጴዛ ላይ እንደረሱት ሰሌዳው ላይ ጥያቄ መጻፍ ጀመሩ። ሰሌዳው ግን ባዶ አልነበረም፤ ቀድሞ በጻፉት ላይ ጻፉበት። ሳቅን። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና እሳቸውም ሳቁ። አጥፍተው እንደገና ጻፉት፤ «ከዛሬ ዕቃ አንድ ብቻ ለጥንት ሰዎች መላክ ብትችሉ ምን ትልካላችሁ? ለማን?» ይላል። መልሱ ለሰኞ ነው።

ቅዳሜ አገሬ ገባሁ። እህሉ ተወቅቶ አልቋል፤ ማሳው ላይ የቀረው ቃርሚያ ብቻ ነው፤ የጉና ነፋስ አቧራውን እያነሳ ፊት ላይ ይበትነዋል። እናቴ ድንች ቀቅላ በድቁስ አቀረበችልኝ። ትንሹ ወንድሜ ግማሹን ዳዊት ሊለማመድበት ይዞ መጥቶ ነበር። በላሁ፤ እጄን ታጠብሁና ገለጥሁት። የመጀመሪያው ገጽ ሃያ ሁለት መስመር ነው፤ መካከሉ አሥራ ሰባት፤ ወደ መጨረሻው አሥራ አንድ። ፊደሉ ማደጉን ሁሉም ያውቃል። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ጥቁር ነው፤ «ቀለም ደፍተውበት ተዉት» ይባላል። ወደ ደጅ፣ ወደ ብርሃን አወጣሁት። የተደፋ ቀለም አልነበረም። መስመር ነው፤ በላዩ ላይ ያው መስመር ድጋሚ ተጽፎበታል፤ ቃል በቃል።

ሰሌዳው ትዝ አለኝ።

ለአባቴ አልነገርሁትም። ነገሩ ሰው ፊት ቆሞ ሳይፈተን ተስፋ ልሰጠው አልፈለግሁም።

ሰኞ ወንዶቹ ተራ በተራ ተነሡ። አንዱ አውሮፕላን ላከ፣ አንዱ ሬዲዮ። ዘመነ፣ ጋፋት ላይ መድፍ ይሠሩ ለነበሩት አንጥረኞች ታንክ ላከላቸው።

«ነዳጁንስ ከየት ያመጡታል?» አሉት መምህሩ።

«በበቅሎ ያስጎትቱታላ!»

ያን ቀን እንደሱ የተሳቀለት የለም። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ።

«መነጽር» አልሁ። «ለቅድመ አያቴ።»

«ይላክላቸው! ግማሹን ይጨርሱልን!» አለ ዘመነ ከኋላ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። የቆጠርኋቸውን መስመሮች ነገርኋቸው። ቀጥዬም የመጨረሻውን ገጽ።

«በጻፉት ላይ የጻፉበት ስላላዩት ነው። ፊደሉንም ያሳደጉት ዓይናቸው እየደከመ ስለሄደ ነው። ሰነፍ ሰው አንድ መስመር ሁለት ጊዜ አይጽፍም።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት። ወደ ዘመነ ዞሩ።

«አንተ በዚያ መጽሐፍ ነው ዳዊት የተማርኸው?»

«አዎ።»

«ያለችው ልክ ነው?»

ዘመነ ማፌዝ ይችል ነበር። «ጥቁሩን የተደፋ ቀለም ነው እያልሁ ልብ ብዬው አላውቅም» አለ። «ቅዳሜ አየዋለሁ።»

አየው። አይቶም አልደበቀም፤ ለአባቱ አሳያቸው። አሮጌው ገበዝ እሑድ መጽሐፉን ወደ ፀሐይ አውጥተው፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ አባቴን ከቆመበት፣ ከሰው ኋላ ጠሩት።

«ጌታሁን፣ ና ወዲህ። አያትህን በድለናቸዋል።»

ይህን ያሉት ሕዝቡ ሳይበተን ነው።

በማግስቱ ማለዳ አባቴ ስንቄን ራሱ ተሸክሞ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኝ። መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው «ደግሞ አንተ ምነው ተሸከምህ?» ሲለው፣ «የመምሬ ደስታ ልጅ ናት» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። የእህቴ እጮኝነት አልተመለሰም፤ እሷ ግን ገበያ ወጣች። እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨረስሁ። ጨረስሁ የሚለውን ቃል እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

አሁን እኔም ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ከተሳነኝ ቆይቷል። አንዳንዴ መነጽሬን ሳደርግ መምሬ ደስታን አስባለሁ። መነጽር ደርሷቸው ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ አልቆ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ ይቀመጥ ነበር፤ መስመሩን የሚቆጥር፣ ስማቸውን የሚጠይቅ አይኖርም ነበር። ቢሆንም እልከዋለሁ። እዚያ ገጽ ላይ ብቻቸውን ጎንብሰው የነበሩትን ሰውዬ ሳስብ ሌላ የምልከው ዕቃ አይመጣልኝም።

የወረዳዋ ልጅ መልስ እየጠበቀች ነበር። ቄሰ ገበዝ ዘመነ ሊናገሩ ሲሉ መሪጌታው ቀደማቸው። ከሌላ አገር መጥቶ ደብራችንን ማገልገል ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እኔን ከምእመን አንዷ ከመሆኔ በላይ አያውቀኝም።

«ዓይናቸው ደክሞ ነው» አላት። «ይኸውልሽ፣ በጻፉት ላይ ደግመው ጽፈውበታል። እዚህ አገር ሲተርቱ ‹ሰነፍ ሰው አንድ መስመር ሁለት ጊዜ አይጽፍም› ይላሉ።»

«ጻፈው» አለችው ልጅቱ ባልደረባዋን።

ዘመነ ቀና ብለው ወደ ጽዱ አዩ። እኔ ነጠላዬን አጣፋሁና ወደ ቤቴ ሄድሁ።