ባለደብተሯ ዳንቴል ሻጭ

በ1975 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም አጋማሽ ነው። ከቦሌ መንገድ ጀርባ ካሉት ቪላዎች በአንዱ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አንዲትን ሴት «እመቤቲቱ የሉም» ብለው መለሷትና በሩን ዘጉ። ጥቂት ቆይተው ግን መልሰው ከፈቱት፤ የራሳቸውን በርጩማ አውጥተው ጥላው ስር አኖሩላት። ውኃም በጣሳ አመጡ።

«ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፣ አባባ» አለቻቸው።

«እንግዲያው እግርሽ ላይ አፍስሺው። እግር እንደሆነ አይጾም።»

ይህን የጻፈው ሰው በዚያ ሲያልፍ አየ። ሴትዮዋን ከደብሩ በመልክ ያውቃት ስለነበር ሰላምታ ሰጥቶ መንገዱን ቀጠለ። የቀረውን በኋላ የሰማው ከራሷ ነው።

አምለሰት ትባላለች። ከአክሱም አካባቢ ከባሏ ጋር መጥታ፣ ሾፌር የነበረው ባሏ ሲሞት ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ በአንዲት የቀበሌ ክፍል ቀረች። እግሯ የማይታዘዝላት ፀሐይነሽ የምትባል ጓደኛዋ አብራት ትኖራለች። ፀሐይነሽ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ በኪሮሽ ዳንቴል ትሠራለች፤ የጠረጴዛ፣ የሶፋ፣ የራዲዮ። አምለሰት ተሸክማ ትሸጣለች። የሠፈሩ ሰው፣ የጽዋ ማኅበሯም ሰው ሁሉ ገዝቶ ሲያበቃ ነበር ቦሌን የጀመረችው። እዚያ ግን ሁለት ወር ሙሉ ዞራ አንድም አልተሸጠላትም።

ፀሐይነሽ አልተቆጣችም። «እስከ ፋሲካ ካልሆነ ደብረ ብርሃን ወንድሜ ጋ እገባለሁ። አንቺም ትገላገይኛለሽ» ብቻ አለች። አምለሰት ያቺን ክፍል ያለ ፀሐይነሽ ልታስባት አልቻለችም።

መጀመሪያ ሰሞን በር ሲዘጋባት ከባሕር ዛፍ ጀርባ ሄዳ ታለቅስ ነበር። ኋላ ግን ዘዴ አበጀች። ከተዘጋባት በር እስከሚቀጥለው በር አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች፤ ጸሎቱ ሳያልቅ አታንኳኳም። በሮቹ ከተቀራረቡ ቆማ ትጨርሳለች። ቂም ይዤ ሰው በር ላይ አልቆምም ትላለች። ዘዴው ልቧን ጠበቀላት፤ ዳንቴሉን ግን አልሸጠላትም።

በዚያች ቀን በርጩማው ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ገለጠች። መሠረተ ትምህርት ገብታ ማንበብና መጻፍ ከቻለች ሦስት ዓመቷ ነው። የእያንዳንዱን ቤት ቁጥር፣ የበሩን ቀለም፣ ተመለሺ ያሏትን ቀን ትመዘግብ ነበር። በር ሲከፈትም ደብተሩ ተገልጦ፣ እስክሪብቶው በእጇ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩ መሆኔን ሲያዩ ያከብሩኛል ብላ። ዳንቴሉ ዘንቢል ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል።

ዘበኛው አባባ ሰቦቃ ይባላሉ፤ ቪላዎቹ ሳይሠሩ በፊት እዚያው መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ ነበር። ደብተሩን አዩና ሳቁ።

«ምን ያስቅዎታል?»

«የቤቱን ቁጥር ነው የምትጽፊው?»

«አዎ፣ እንዳይጠፋኝ።»

«ቤቱስ አይጠፋም፤ እመቤቲቱ ናቸው አንቺን ሲያዩ የሚጠፉት። ውስጥ አሉ እኮ። ልጄ፣ ደብተር ይዞ የቤት ቁጥር የሚጽፍ ከቀበሌ ሌላ ማን አለ? ወይ ለመዋጮ ነው፣ ወይ ለስብሰባ። ስትመጪ ይኼ ሦስተኛሽ ነው፤ ሦስቴም የሉም አስብለውኛል።»

«እኔ እኮ ዳንቴል ነው የምሸጠው።»

«ዘንቢሉን መቼ ከፈትሽውና?»

አምለሰት አፈረች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ። ሁለት ወር ሙሉ ዳንቴሉን ያየላት ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ደብተሩን ቤት ትታ፣ ትልቁን የጠረጴዛ ዳንቴል ክንዷ ላይ ዘርግታ መጣች። አባባ ሰቦቃ ገብተው ነገሩን አስረዱ። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አሰጋሽ ራሳቸው ወጡ።

«አንቺ ነሽ ባለደብተሯ? ባለፈው ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ጓዳ ተቀምጬ ዋልኩልሽ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ባውቅ ኖሮ ቶሎ እሄድልዎት ነበር።»

ወይዘሮ አሰጋሽ እየሳቁ ትልቁን ገዙ። «ገርጂ እህት አለችኝ፤ አሰጋሽ ልካኝ ነው በያት። እሷ ደግሞ ብዙ ሰው ታውቃለች» አሏት።

እምቢታው ከዚያም በኋላ አልቀረም። እህትየው ራሳቸው «ቀለሙ አይሆነኝም» ብለው መለሷት፤ ሆኖም ጎረቤቶቻቸውን አስጠሩላት፤ ከነሱም ሁለቱ ገዙ። ሌላ ቤት ትልቅ ነው አሉ፣ ሌላው ቤት ልጃችን ራሷ ትሠራለች አሉ። አምለሰት ይኼኛው እምቢታ ይቀላል ትላለች። አይተው እምቢ ያሉትን ለፀሐይነሽ ይዛላት ትገባለች፤ ፀሐይነሽም ክሩን ትቀይራለች፣ ስፋቱን ትቀንሳለች። አቡነ ዘበሰማያቱን ግን አልተወችም፤ ከጸሎቷም የአባባ ሰቦቃን ስም አትዘልም።

ከሆሳዕና በኋላ ፀሐይነሽ ለወንድሟ፣ ለፋሲካ እንዳይጠብቃት፣ ደብዳቤ አስጻፈች። የጻፈችላት አምለሰት ናት።

በዳግማይ ትንሣኤ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ሁሉ ለጸሐፊው አጫወተችው። ጨርሳም ከነጠላዋ ስር አንድ ነጭ ዳንቴል አወጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ መሥሪያ ቤት ሴቶች አሉ አይደል?»

«አሉ።»

«እንግዲያው ይቺን ይውሰዱልኝ። ሳያጥፏት ያሳዩልኝ። እምቢ ካሉ እንዳይከራከሩልኝ፤ ለምን እንደሆነ ብቻ ጠይቀው ይንገሩኝ።»