የአባባ ይማም ጥቁር አፈር

ገና የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ በሰው ጎመን እቀና ነበር። በሐይቅ ከተማ ዳር፣ የጎረቤታችን የአባባ ይማም ጎመን ቅጠሉ እንደ ትሪ ይሰፋል፤ እናቴ ከሐይቁ ውሃ እየቀዳች የምታጠጣው የእኛ ግን ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። ከጎመኑ ይልቅ ያንገበገበችኝ ግን የልጅ ልጃቸው ሩቅያ ነበረች። ያኔ ሲመሻሽ የሰፈሩ ልጆች ተረት ለመስማት ግቢያቸው ስንሰበሰብ እሷ ብቻ ከጋቢያቸው ሥር ትወሸቃለች፤ እኔ ከፍሙ ማዶ፣ ጢሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ አያታለሁ።

አባባ ይማም ከጓሯቸው ጥግ ገለባ፣ ፍግ፣ የረገፈ ቅጠልና ከገበያ የተጣለ ልጣጭ ይከምራሉ። በስብሶ ጥቁር አፈር ሲሆን ጎመኑን ያለብሱታል። ሩቅያም ጠዋት ጠዋት የምድጃውን አመድ ትጨምርበታለች።

አንድ የጁምዓ ቀን እሳቸው መስጊድ ሲሄዱ፣ በገል ፍም ይዤ በአጥሩ ሾልኬ ክምሩ ላይ ደፋሁት። የወራት ድካማቸው እስከ ማምሻው ጨሰ።

የሩቅያ እናት «ፍሙ ሳይጠፋ አመድ ደፋሽ!» ብላ ልጇን ገረፈቻት። ያን ምሽት ሩቅያ ከጋቢው ርቃ ብቻዋን ስታለቅስ ሳይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

አባባ ይማም ተረታቸውን ጀመሩ። «አንድ የአምባሰል ገበሬ በጎረቤቱ ማሳ ቀንቶ አፈሩን በቅርጫት እየሰረቀ ወደ ራሱ ያግዝ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ያማረው አሁንም የጎረቤቱ ሆነ። ‹ምን አድርገህበት ነው?› ቢለው፣ ‹አንተ አፈር ስታግዝ እኔ ፍግ ስበትን ነበር። ብትጠይቀኝ አላሳይህም ነበር?› አለው።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ማልቀስ ጀመርሁ።

«ያቃጠልሁት እኔ ነኝ» አልሁ፤ «ቀንቼ ነው።»

አባባ ይማም ፍሙን ቆሰቆሱ። በኋላ፣ «በይ የኔ ልጅ፣ ነገ ቅርጫት ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

በማግስቱ ከሩቅያ ጋር ከገበያው ልጣጭ ለቀምን፤ ከሐይቁ ዳር ደረቅ ቄጠማ ተሸከምን። እርጥቡንና ደረቁን እያፈራረቅን፣ ውሃ እያርከፈከፍን፣ አንዱን ክምር በእሳቸው ጓሮ፣ ሌላውን በእኛ ሠራን። በቀጣዩ ክረምት የእናቴ ጎመን ለምልሞ ጠቆረ፤ ጎረቤት ቆሞ አየው።

ክምሩን በሠራን ቀን ሩቅያ ያናገረችኝ አንዴ ብቻ ነው፦ «መቅናቱስ ይሁን። እኔ ስገረፍ ለምን ዝም አልሽ?»

ዛሬ በራሴ ጓሮ ስከምር እጄ ሥራውን ያውቀዋል። ሌላ ሰው ሲወደድ ሳይ አሁንም ልቤን ይቆነጥጠኛል፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ለሩቅያ የምመልሰውን ግን እስካሁን አላገኘሁም።