ዘንዶው ጋ ያልደረሰው ልጅ

ልጅ ሳለሁ እንደ አያቴ ተረት ዘንዶ አንጀቴን ያሳረረው ነገር አልነበረም። ዘንዶው የአንድ ጎበዝ እህትን ነጥቆ ጣና መካከል ተቀምጧል፤ ጎበዙም ሊያወጣት ጦሩን ይዞ ተነሥቷል። እንግዲህ ሄዶ መውጋት ነው! አባባ የምንላቸው አያቴ ግን አያደርሱትም። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ አጠገብ ካለችው ቤታችን፣ በኩራዝ ብርሃን፣ የኩበቱ ጭስ ያስለቀሰውን ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ልጁን ታንኳ ላይ ካወጡት በኋላ «ይኼኔ አንዲት ተሳላሚ መነኩሴ ከዳር ተጣራች» ይላሉ። በቃ፣ ልጁ ይወርዳል፤ መነኩሴዋን ጎርጎራ ያደርሳል። በማግሥቱ ምሽት ደግሞ እንፍራንዝ ላይ አህያ የጠፋበት መንገደኛ ያገኛል፤ አህያ ፍለጋ ይዞራል። የድካሙስ ዋጋ? ምርቃት!

«አባባ፣ ምርቃት ዘንዶ ይገድላል እንዴ?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ዝም ብለሽ ስሚ» አሉኝ።

መቸኮሌ ያለ ነገር አልነበረም። ወንድሜን ደምስን ከገበያ አፍሰው ወደ ጦር ሜዳ ወስደውት፣ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ፤ እናቴ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር ከቤት ትወጣለች። ያኔ በልጅ ልቤ፣ ጎበዙ እህቱን ያወጣ ቀን ደምስም ይመጣል ብዬ ቆርጬ ነበር፤ ለማንም አልተናገርሁም። ስለዚህ በተረቱ ተሳላሚ በመጣ ቁጥር የወንድሜን መንገድ የዘጋብኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት ግን ልጁ ደረሰ። ዘንዶው ከውሃው ብቅ አለ፤ ጦሩ ተነሣ፤ እኔም ወደ አባባ ተጠጋሁ። ይኼኔ ከቤታችን ደጅ «የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወደ ገዳም የሚሻገሩ ሁለት አሮጊቶች ነበሩ፤ ሰዓት እላፊ ሊደርስባቸው ነው።

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ!» አሉ አባባ፣ ጦሩን እንደተነሣ ትተውት። ወደ እኔ ዞረው «ተነሺ፣ እግራቸውን እጠቢ» አሉ። በቤታችን ደንብ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አይተኛም፤ አጣቢዋም እኔ ነበርሁ። ንዴቴን እግራቸውን በመፈተግ ተወጣሁት።

«ኧረ ልጄ፣ ቆዳው የራሴ ነው!» አለች አንደኛዋ።

በማግሥቱ «ዘንዶውስ?» ብላቸው፣ «ጎበዙ አሮጊቶቹን ሳያሻግር?» አሉኝ። ተንሰቅስቄ አለቀስሁ።

ደርግ ሊወድቅ ባለ ሰሞን፣ አመሻሹ ላይ፣ ዱላ የያዘ ከሲታ ሰው ደጃችን ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» አለ። እናቴ በድምፁ አወቀችው፤ ጩኸቷ ሰፈሩን አናወጠው። ደምስ ነበር።

እግሩን ያጠብሁት እኔ ነኝ። አብጦ በእጄ አልያዝ ብሎ ነበር። ሠራዊቱ ተበትኖ በእግሩ ሲመጣ እንፍራንዝ ላይ አንድ ገበሬ በሬዎቹን ፈትቶ በአህያ ጭኖ እስከ ሐይቁ አደረሰው፤ እዚያም አንድ ባለታንኳ ለገበያ የጫነውን እንጨት አራግፎ አሳፈረው።

«ሁሉም የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው እኮ» አለ ደምስ።

አባባ እሳቱን ቆሰቆሱ። እኔ ግን አልተውኋቸውም፤ «የጎበዙ እህትስ?» አልሁ።

«ውሃ ጨምሪ፣ ቀዝቅዟል» አሉኝ።

አባባ ካረፉ ቆዩ፤ ያቺ ልጅ ግን እስከ ዛሬ ከሐይቁ አልወጣችም፤ እስከ ዛሬም እናደዳለሁ። ለልጆቼ ስተርት ጨርሼው ልገላገል እላለሁ፤ ጎበዙን ታንኳ ላይ አወጣዋለሁ፣ ጦሩን አስይዘዋለሁ። ይኼኔ እግሩ ያበጠ አንድ መንገደኛ ከዳር ይጣራል። ልጆቼ ይጮኹብኛል። ምን ላድርግ፣ አወርደዋለሁ።