የት ጋ ነው የሚያምሽ?

አክስቴ ሱዳን ውስጥ፣ ጀብራ በሚባለው ሰፈራችን ባለ ክሊኒክ በር አጠገብ ተቀምጣ ወረፋ የሚጠብቁትን ታጫውት ነበር። የእኛ ሰው ሐኪሙ "እንዴት ነህ?" ሲለው "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ብሎ ሕመሙን እንደያዘ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይሄ ያናድዳት ነበር። አንድ ቀን ታማሚዎቹን አስከትላ ሱዳናዊው ሐኪም ዘንድ ገባችና በዐረብኛ፣ "ዱክቱር፣ እኛ እየሞትንም ሐምዱሊላህ ነው የምንለው። እንዴት ናችሁ አትበለን፤ የት ጋ ነው የሚያማችሁ በለን" አለችው። ሳቀ። ጥያቄውን በአማርኛ አስጠናችው፤ ሰዉም ሕመሙን መናገር ለመደ። እንደሷ ያለ ደፋር አላየሁም።

ከቀብሯ በኋላ መድኃኒት ልወስድ ሄድኩ። ወንበሯ ላይ የተቀመጠ የለም። ሐኪሙ ሲያየኝ ከክፍሉ ወጣ። ደህና ነኝ ልለው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ወንበሯን አየት አደረገና፣ እሷ ባስጠናችው አማርኛ፣ "የት ጋ ነው የሚያምሽ?" አለኝ።