ሽንት በላብ አይወጣም

ኦይቫ ሽንቱ ከተዘጋበት ሁለት ቀን ሆኖታል። ሐኪም ፊት ከመቅረብ ሞቱን የሚመርጥ የፊንላንድ ገበሬ ነውና ሳውናውን፣ በጋለ ድንጋይ የሚሞቀውን የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ አነደደና ራቁቱን ገብቶ ተቀመጠ። «በላብ ይወጣልኛል» ብሎ ነው። ላቡ እንዳያደርቀው ደግሞ ውሃውን በላይ በላዩ ይጠጣል።

ሚስቱ ሂልካ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ነገሩን ገና አሁን ሰምታ በሩን በጡጫ ትደበድባለች።

«ውጣ፣ አንተ ግትር! ኩላሊት መቼ ያርፋል? ደምህን እያጣራ ሽንቱን በሁለት ቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛህ ያወርዳል። የፊኛህ መውጫ ተዘግቷል፣ አንተ ከላይ ትሞላለህ!»

«ይኸው እያላበኝ አይደል እንዴ?»

«ላብህ ውሃና ጨው ነው፤ መርዙ እዚያው ነው! ፊኛህ ሞልቶ ወደ ኋላ ከገፋ ኩላሊትህም አለቀለት!»

በሩ ተከፈተ። ኦይቫ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ። ሂልካ እጇን ከእምብርቱ በታች ብታሳርፍ ሆዱ እንደ ሳውናው ምድጃ ድንጋይ ጠጥሯል።

«እሺ፣ አምቡላንስ ጥሪ» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ግን እየጮኸ እንዳይመጣ በያቸው። ጎረቤት ይሰማል።»

ቅርብ የሚባለው ጎረቤት ከሐይቁ ማዶ ነው። አምቡላንሱ ደግሞ ከዚያም ይርቃል።